መልካ ቁንጡሬ፦ ጧት ለወፍ፣ ረፋድ ለድንጋይ

14 ዓመት የቱሪስት መኪና ነድቻለሁ። በደቡብ መስመር በወጣሁ ቁጥር መልካ ቁንጡሬ ላይ እቆማለሁ። መቆም ብቻ ነበር ግን። ፕሮግራሙ ላይ «40 ደቂቃ» ይላል። እንግዶቼ ይወርዳሉ፣ ሙዚየሙን ይዞራሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ከዚያ ወደ ጢያ እንነዳለን። እኔ ጋቢና ውስጥ ወንበሬን አጋድሜ እጠብቃቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ደረሱኝ። ወፍ ለማየት የመጡ ናቸው። ሴትየዋ በዋዜማው «ፀሐይ ስትወጣ ወንዙ ዳር መሆን አለብን። ከዚያ እስከ እኩለ ቀን የትም አንሄድም» አሉኝ። የካሜራቸውን እግር ተሸክሜ ተከተልኳቸው። በዚያ አንድ ጧት ያየሁትን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ስለዚህ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይከተላል። ቦታውን ማለፊያ አታድርጉት። ሙሉ ቀን ስጡት።

ለማያውቀው ሰው፣ መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በቡታጅራ መንገድ ላይ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ደጋ ቀመስ ነው። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ከመስቀል በኋላ ውሃ ዳር የሚከበረው ኢሬቻ «ኢሬቻ መልካ» የሚባለውም በዚሁ ቃል ነው። ስሙ ቦታውን በደንብ ይገልጸዋል። ውሃ ባለበት እንስሳ ይመጣል፤ እንስሳ ባለበት ሰው ይመጣል። እዚህ ሰው መምጣት የጀመረው ደግሞ የዛሬ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬና ከሷ በስተሰሜን ያለው ባልጪት የሚባል ስፍራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትም ለዚህ ነው።

መቼ ልሂድ ለሚለኝ ሰው መልሴ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ይደፈርሳል። አፈሩም ዋልካ ነው፤ ሲርስ ጫማ ያወልቃል፣ መኪናም ይይዛል። መስከረም ላይ ዳገቱ ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ስለሚሆን ለዓይን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ የለም፤ መሬቱ ግን ገና አልጠናም። ጥቅምት ሲገባ ውሃው ይጠራል፣ ዳር ዳሩ ላይ ደለልና ድንጋይ ብቅ ይላል፣ ወፎቹም እዚያ ላይ ይወርዳሉ። ሌላም ምክንያት አለ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች መስከረምና ጥቅምት ላይ ይገባሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ስለዚህ በበጋ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ፦ ባለቤቱንም እንግዳውንም።

ቀኑን ስትመርጡ የሥራ ቀን ቢሆን ይሻላል። ቅዳሜና እሁድ መንገዱ ይጨናነቃል።

የመንገዱ ነገር ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ትወጣላችሁ። ዓለም ገና ላይ የጅማውን መንገድ ትታችሁ ወደ ግራ፣ ወደ ቡታጅራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ራሱ ይወስዳችኋል። መኪና የሌለው ሰው ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሮ «አዋሽ ድልድይ፣ መልካ ቁንጡሬ ጋ አውርደኝ» ቢል ረዳቱ ያውቀዋል። ግን በሚኒባስ ለጧት ወፍ መድረስ ይከብዳል። ሦስት አራት ሆናችሁ መኪና ብትይዙ የተሻለ ነው። ነዳጅ ከተማ ውስጥ ሙሉ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። በዋዜማው በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ወይም የአካባቢውን ሰው ደውላችሁ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። እኔ ከዚያ መስመር ጋር ይህን ያህል ዓመት ኖሬም ሳልጠይቅ አልወጣም። ሲመሽም አትንዱ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ከተማ አዙሩ።

ከቤት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ማልዶ መነሳት ለልጆች ይከብዳል ትሉ ይሆናል፤ የእኔዎቹ ግን ብርድ ልብስ ተጠቅልለው መኪና ውስጥ ነው እንቅልፋቸውን የሚጨርሱት። 12 ሰዓት ሲሆን ድልድዩ አጠገብ ናችሁ። ሞተሩን አጥፉ። በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉ። መጀመሪያ የምትሰሙት ውሃውን ነው፤ ቀጥሎ ወፎቹን።

ወፍ ለማየት ትልቁ ዕቃ መቀመጥ ነው። ሴትየዋ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። እኔ ወፍ ማየት ማለት መዞር፣ መፈለግ፣ መከተል ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለ20 ደቂቃ ያህል ባይኖኩላሩን እንኳ አላነሱም። «መጀመሪያ እኛን ይልመዱን» አሉኝ። እውነትም፣ ስንደርስ ብር ብለው የሄዱት ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ስለዚህ ከውሃው ትንሽ ራቅ ብላችሁ፣ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ፀሐይ ከፊት ከሆነች ወፉ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኖ ነው የሚታያችሁ። ልብሳችሁ ቡኒ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ ይሁን። ነጭ ነጠላ ለባሽ ከሩቅ ይታያል። ባይኖኩላር ከሌላችሁ ተዋሱ፤ አንዱን ለአራት ሰው መቀባበል ይቻላል። ስምንት በአርባ ሁለት የሚል የተጻፈበት ለጀማሪ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉንም ያንቀጠቅጠዋል።

አሁን ወደ ወፎቹ ልግባ።

ቀድማ የምትሰማው ጋጋኖ ናት። እኛ ሰፈር ጋጋኖ የምንላት ማለቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ማታ ማታ በጩኸት ሰማይ የምታቋርጠዋ። ጥቁር ቡኒ ናት። ምንቃሯ ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ ነው፤ ክንፏ ላይ ነጭ አለ። በባይኖኩላር ስታዩአት ከጉሮሮዋ ሥር አንዲት ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥላ ታያላችሁ። ይቺ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም አትኖርም። በየቀኑ ከቤታችን በላይ ስትጮህ እየሰማሁ ይህን አላውቅም ነበር። ሰዎቹ ግን እሷን ለማየት ባሕር ተሻግረው ነው የመጡት። ሴትየዋ መጀመሪያ ሲያዩአት እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር።

ሁለተኛዋን በጎጆዋ ታውቋታላችሁ። ውሃ ዳር ባለ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ሰው እንጨት ሰብስቦ የከመረ የሚመስል ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ስፋቱ እስከ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ባለቤቷ ግን ከዶሮ የማትበልጥ ቡኒ ወፍ ናት። ራሷ ከፊት ምንቃር፣ ከኋላ ጉትዬ ስላለው መዶሻ ይመስላል። ለአንድ ሰዓት ያህል ጥንዶቹ ሲሠሩ አየሁ። አንዷ ጭራሮ ይዛ ትመጣለች። ትቆማለች። ታስገባለች፣ ታወጣለች፣ አዙራ ደግሞ ታስገባለች። ልክ ካልመጣላት ትጥለውና ሌላ ልታመጣ ትሄዳለች። የጎጆው በር ከታች በኩል ነው፤ ውስጡ በጭቃ ይለሰናል። ትልቋ ልጄ ይህን ካየች በኋላ ሌላ ነገር ለማየት አልነሳ አለች። አልተጫንኳትም። እናንተም ልጅ አንድ ወፍ ላይ ከተተከለ ተዉት።

ሾላ ወይም ዋርካ ፍሬ ይዞ ካገኛችሁ ከሥሩ ጠብቁ። ክንፈ ጥቁሯ ትንሿ ፓሮት ትመጣለች። አብዛኛው አካሏ አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠል ውስጥ ስትገባ ትጠፋለች። የምታጋልጣት የምትጥለው የፍሬ ልጣጭ ነው። ልጣጭ ከላይ ሲወርድ አንጋጣችሁ እዩ። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ግንባሯም አረንጓዴ ነው። ይቺም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት።

ገደሉ ላይ ደግሞ ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘል ጥቁር ወፍ ፈልጉ። ሆዷ እንደ በርበሬ ቀላ ያለ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ጥፍጥፍ ያላት ከሆነች እሱ ወንዱ ነው። ጭራዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። እሷን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ሄጄ አጥቻታለሁ፤ በሦስተኛው አገኘኋት።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። ደለሉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቆሙት፣ ዓይናቸው ዙሪያ ቡኒ የሆነው የግብፅ ዝይዎች ናቸው። ሰማያዊ ሆና እንደ ተወረወረ ጠጠር ውሃውን ጨርፋ የምታልፈዋ ትንሿ ዓሣ አጥማጅ ናት፤ ወዴት እንዳረፈች ልብ በሉ፣ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ቅርንጫፍ ትመለሳለች። ከብቶች እግር ሥር የሚሯሯጠው ቢጫ ባለ ረጅም ጭራ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው፣ ምንቃሩ እንደ ጉጠት የወፈረው ቁራ ደግሞ የደጋችን ቁራ ነው። ምሳችሁን ከሱ ጠብቁ።

ወፍ ለመጥራት ድምፅ በስልክ አትክፈቱ። ይህን ብዙ አስጎብኚ ያደርገዋል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ወፏ የምትመጣው ሌላ ወፍ ግዛቷ ውስጥ የገባ መስሏት ለመጣላት ነው። መብላት ባለባት ሰዓት፣ እንቁላል ላይ መቀመጥ ባለባት ሰዓት ስትንከራተት ትውላለች። ሴትየዋ ይህን ሲነግሩኝ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ አውጥቼው አላውቅም።

3 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ትጠነክራለች። ወፎቹ ጥላ ይገባሉ። ይኼኔ ቁርስ ብሉና ወደ ሙዚየሙ ሂዱ። የመግቢያ ትኬት ቁረጡ፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ከሁሉም በላይ ግን የአካባቢውን አስጎብኚ ቅጠሩ። ያለሱ የምታዩት ድንጋይ ብቻ ነው።

ሙዚየሙ አራት ክብ ጎጆዎች ናቸው። አትቸኩሉ እንጂ ብዙ ጊዜም አትጨርሱበት፤ ዋናው ነገር ውጪ ነው። ግን የድንጋይ መጥረቢያዎቹ ጋ ቁሙ። በሁለት በኩል የተጠረቡ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ መዳፍ የሚሞሉ ናቸው። ሠሪው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚያወጣ ያውቅ ነበር። የተሰበረ ድንጋይ እና የተሠራ ድንጋይ ልዩነቱ እዚያ ጋ ነው የገባኝ።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ አስጎብኚያችሁ ያሰፋላችኋል። ቦታውን በፈረንጆቹ 1963 ያገኘው ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው። ድንጋይ ፍለጋ የመጣ ሰው አልነበረም። ከ1965 እስከ 1995 ዣን ሻቫዮን የሚባለው ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ቆፈረበት። ከ1999 ጀምሮ ደግሞ የጣሊያን ቡድን ቀጠለ። ጋርባ በሚባለው ስፍራ በ1981 የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኘ። ለብዙ ዓመት ሲያከራክር ቆይቶ በ2023 የታተመ ጥናት ሕፃኑ ሆሞ ኢሬክተስ ከሚባለው የጥንት ሰው ዝርያ እንደሆነና 2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆነው አመለከተ። ጎምቦሬ ላይ ደግሞ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር ዱካ አለ። የትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ የትንንሽ ልጆችም ጭምር እንጂ። ልጆቹ ትልልቆቹ ሥራ ላይ እያሉ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ትንሹ ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ይህን ሲሰማ ጫማውን አውልቆ እግሩን መንገዱ አቧራ ላይ አትሞ አየው። አስጎብኚው ዝም ብሎ ጠበቀው።

ቁፋሮው ያለበት ጎምቦሬ ድረስ በእግር ይኬዳል። ጣሪያ ተሠርቶለታል። ድንጋዩና አጥንቱ ከተገኘበት ሳይነሳ እንደተቀመጠ ታያላችሁ። የጉማሬ አጥንት አለ። ይህን ማሰብ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ከጎርፍ መውረጃዎቹ አንዱ ሲምቢሮ ይባላል። በኦሮምኛ ሲምቢሮ ወፍ ማለት ነው። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ባለቤቴ «እንግዲህ ጧት የዋልንበት ነዋ» አለች። ሲምቢሮ ላይ የተገኘው ደግሞ 1.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የባልጩት መሣሪያ መሥሪያ ቦታ ነው። ከ500 በላይ መሣሪያ ወጥቶበታል፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል ከባልጩት የተሠሩ።

ባልጩትን በቅርብ ሳታዩ አትመለሱ። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ብርጭቆ ነው። ከመልካ ቁንጡሬ ወደ ሰሜን ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ባልጪት የሚባለው ስፍራ አለ፤ መሬቱ ሁሉ በስብርባሪው ያብለጨልጫል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ብትደርሱ መስኩ መስታወት የተዘራበት ይመስላል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ልጆች እንዳይሮጡ፤ መውደቅ እዚያ ላይ ማለት መቆረጥ ነው።

ትልቋ ልጄ እዚያ ጎንበስ ብላ አንዲት ስባሪ አነሳች። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ጀርባዋ ላይ ውሃ ውስጥ ጠጠር ሲወድቅ እንደሚፈጠረው ዓይነት ቀለበት ቀለበት መስመር አለ። ተመትታ ስለተፈነከተች ነው። አስጎብኚው «ወደ ፀሐይ አንሺያት» አላት። አነሳቻት። መሃሏ ጥቁር ነው። ጠርዟ ግን ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጭስ የገባበት ብርጭቆ፣ ወይም ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። አስጎብኚው ደብተሯ ላይ አንድ ወረቀት ከፍቶ በጠርዟ ሳብ አደረገ። ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተከፈለ። በአገራችን ደቡብ በኩል ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች ይህንን ድንጋይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ልጄ ስባሪዋን ኪሷ ልትከት ስትል አስጎብኚው በትሕትና «እኅቴ፣ ካነሳሻት ቦታ መልሻት» አላት። «እዚህማ በሺህ የሚቆጠር አለ» አለችው። አጠገባችን ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ነበሩ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ አስጎብኚው ተረጎመልን። «ሁሉም አንዳንድ ቢወስድ ለልጅ ልጆቼ ምን ይቀራል» ነው ያሉት። ከዚያ አስጎብኚው እንዲህ ብሎ አስረዳን። ድንጋዩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ከየትኛው ንብርብር አፈር ውስጥ እንደወጣ፣ ከጎኑ ምን እንደነበረ፣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ሲታወቅ ነው። ከቦታው ከተነሳ በኋላ ጠቢብ ቢመጣ አያነበውም። ልጄ ጎንበስ ብላ ያነሳችበትን ጉድጓድ ፈለገች። አገኘችው። በዚያው አቅጣጫ መልሳ አስቀመጠቻት። ስዕሏን ግን ደብተሯ ላይ ሣለች፤ እስከዛሬ አለ።

እናንተም ልጅ ካላችሁ ደብተርና እርሳስ ስጧቸው። ከፎቶ ይልቅ የሚሣል ነገር ዓይን ያቆማል። ሕጉም ቢሆን ቅርስ ከቦታው ማንሳትን ይከለክላል።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከመልካ ቁንጡሬ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ አዳዲ ማርያም አለች። ከአንድ አለት የተፈለፈለች፣ በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ናት የምትባል ቤተ ክርስቲያን ናት። ጫማ ይወለቃል፣ ነጠላ ይያዝ። ወደ ቡታጅራ ከቀጠላችሁ ደግሞ ጢያ ነው፤ በ1980 በፈረንጆቹ በዩኔስኮ የተመዘገቡት የድንጋይ ሐውልቶች ያሉበት። እኔ ግን ሦስቱንም በአንድ ቀን አልመክርም። እንደዚያ ከሆነ እንደገና «40 ደቂቃ» ሊሆን ነው።

ስለ ሰዎቹ። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ ውሃ የሚቀዱ አሉ። የነሱ ቤት ነው። ስትደርሱ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። «አካም ጅርቱ» ማለት አይከብድም፤ ስትሄዱም «ገለቶማ»፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሽማግሌ ከሆኑ «ኦቦ» ወይም «አባባ» ብላችሁ ጎንበስ በሉ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በተለይ የሚታጠብ ሰው ካለ ካሜራችሁን ወደ ሌላ አዙሩ። ይህን የምለው ከዚህ በፊት እንግዳዬ ልብስ የምታጥብ ሴት ሳይጠይቅ አንስቶ፣ እሷ ፊቷን በመቀነቷ ስትሸፍን ስላየሁ ነው። ሹፌሩ እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ልጆች ይከተሏችኋል። ብር አትበትኑ። ባይኖኩላሩን ስጧቸው እንጂ። የአንዱን ዓይን አስተካክላችሁ ወደ አንዷ ወፍ ጎጆ ስታዞሩለት ፊቱ የሚሆነውን እዩ። ደግሞ ወፉ የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያቺን ሆዷ ቀይ የገደል ወፍ በሦስተኛው ጉዞ ያሳየኝ ስምንት ዓመት የማይሞላው እረኛ ነው፤ በአርጩሜው ጠቆመኝ። ገንዘብ ማውጣት የፈለገ አስጎብኚውን በደንብ ይክፈል፣ መንደሩ ውስጥ ይብላ፣ ሻይ ይጠጣ።

ምግብ ድልድዩ አካባቢ አይጠፋም፤ ግን ጧት የተከፈተ አታገኙም። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በፔርሙዝ ሻይ ከቤት ያዙ። ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር። ባርኔጣ። ጧት ጃኬት ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፤ ወንዝ ዳር ብርዱ አጥንት ይገባል፣ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ ታወልቁታላችሁ። ቆሻሻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ።

ገደሉ ጫፍ አትቁሙ። አፈሩ ልል ነው፤ ከሥር በጎርፍ ተበልቷል። ወንዙም ጥልቀት የሌለው መስሎ ያታልላል፤ ልጅ ውሃ ውስጥ አይግባ።

እና ስትመለሱ፣ መኪና ከመግባታችሁ በፊት፣ አንድ ነገር አድርጉ። ጫማችሁን አውልቁና ሶሉን ወደ ላይ ገልብጣችሁ እዩት። ዋልካው በጎድጎዳዎቹ ውስጥ ተጣብቆ ይኖራል፤ ጭቃው ውስጥ ደግሞ ትንንሽ የባልጩት ስብርባሪ አለ። ባለፈው ጊዜ ከአራታችን ጫማ በጭራሮ እየፈነቀልኩ ሰባት አወጣሁ። እዚያው ቆማችሁ ሁሉንም አራግፏቸው።